የኤለመንት ቅደም ተከተል፦ ስኪማው ያስገድድ ወይስ ይልቀቅ?

የመኪና ሚዛን አጠገብ የዋለ ሰው ያውቀዋል። እህል ጭኖ የመጣ አይሱዙ ሁለት ጊዜ ይመዘናል፤ ሲገባ ከነጭነቱ፣ አራግፎ ሲወጣ ባዶውን። ልዩነቱ የእህሉ ክብደት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ላለ አንድ መጋዘን የደረሰኝ ሶፍትዌር ስሠራ ይህንኑ በኤክስ ኤም ኤል (ዳታን ታግ በሚባሉ ምልክቶች እየከበበ በሚያስቀምጥ የጽሑፍ ቅርጸት፤ አንዱ የተከበበ ቁራጭ ኤለመንት ይባላል) እንዲህ አስቀመጥኩት፦

<ጭነት>
  <ክብደት>11860</ክብደት>
  <ክብደት>5360</ክብደት>
</ጭነት>

የመጀመሪያው ከነጭነቱ፣ ሁለተኛው ባዶው። ሲቀነስ 6500 ኪሎ፣ ማለትም 65 ኩንታል። ለሦስት ወር ያህል ምንም አልተፈጠረም። ከዚያ መጋዘኑ የሰበሰበውን በቆሎ መሸጥ ጀመረ። ሊጭን የመጣ መኪና ደግሞ መጀመሪያ የሚመዘነው ባዶውን ነው፤ ሙሉው የሚመዘነው ጭኖ ሲወጣ ነው። በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱን ስከፍት «የወጣ እህል» በሚለው ዓምድ ሥር ቁጥሮቹ ሁሉ የመቀነስ ምልክት ተሸክመው ተሰልፈዋል። ግምጃ ቤቱን የሚይዙት አባት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና፣

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው? ዕዳ ገባን እንዴ?» አሉኝ።

ጥፋቱ የመዛኙም የሾፌሩም አልነበረም፤ የኔ ነው። የሚገርመው፣ ስኪማው (ፋይሉ ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት የሚደነግገው ሕግ) እነዚያን ፋይሎች አንድም ሳያስቀር «ትክክል ናቸው» ብሎ አሳልፏቸዋል። እሱ የሚያየው ሁለት ክብደት መኖሩን ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ነበሩ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ተራቸው ብቻ ነበር። ያ ተራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከኔ ጭንቅላት ውጭ የትም አልተጻፈም።

ስኪማ የሚነድፍ ሰው ይዋል ይደር እንጂ «የኤለመንቶች ቅደም ተከተል ይገደድ ወይስ ይለቀቅ?» የሚለው ጥያቄ ይገጥመዋል። ምርጫዎቹን ጎን ለጎን ከማስቀመጤ በፊት አንድ ነገር መለየት አለብኝ፤ ብዙ ክርክር የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ።

ትርጉም የሚሸከም ተራና የሚገደድ ተራ

«አንበሳ ነብር ገደለ» ብልህ ገዳዩ አንበሳ ነው። «ነብር አንበሳ ገደለ» ካልኩህ ተገለበጠ። ትርጉሙ ያለው ተራው ላይ ነው። አሁን «ን» ጨምርበት፦ «አንበሳው ነብሩን ገደለው»፣ «ነብሩን አንበሳው ገደለው»። የፈለግኸውን አስቀድም፣ ሟቹ ነብሩ ነው። «ን» የምትባለው አንዲት ፊደል ቃሉ የትም ቢሄድ ተሳቢነቱን ይዞ እንዲሄድ አደረገችው።

ግዕዝ በዚህ ከአማርኛም ይብሳል። «ቀተለ ዳዊት ጎልያድሃ» ብትል፣ «ጎልያድሃ ቀተለ ዳዊት» ብትል፣ «ሃ» እስካለች ድረስ ጎልያድ ከመሞት አይድንም። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ የቅኔ ቤት ደጅ የጠና ተማሪ የሚያውቀው ነው፤ ቅኔ ሲፈታ ከግራ ወደ ቀኝ እየቆጠረ አይሄድም። ማሰሪያ አንቀጹን ይፈልጋል፣ ባለቤቱን ይፈልጋል፣ ተሳቢውን ይፈልጋል። ቃላቱ በቤቱ ውስጥ የትም ቢበተኑ በምልክታቸው ያገኛቸዋል። ቤቶቹ ግን አይበተኑም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት፤ የመወድስን ሦስተኛ ቤት አምስተኛ ላይ ወስደህ ብታስቀምጥ መምህሩ ይቆጡሃል።

ታግ ማለት «ን» ማለት ነው። ኤለመንት ስም የተሰጠው ተራውን ሳንጠብቅ ማንነቱን እንድናውቅ ነው። እኔ ሁለቱንም «ክብደት» ብዬ ስጽፍ «ን»ዋን ጥዬ «አንበሳ ነብር ገደለ» ማለቴ ነበር። መድኃኒቱም ስኪማውን ማጥበቅ አልነበረም፤ <ሙሉ> እና <ባዶ> ብሎ መሰየም ነበር። ከዚያ በኋላ መኪናው ገቢ ይሁን ወጪ፣ የትኛውም ይቅደም፣ ስሌቱ አንድ ነው።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፦ ተራው ትርጉም ይሸከማል ወይ? ሁለተኛው፦ ስኪማው ተራ ያስገድዳል ወይ? አንደኛው የዳታው ጠባይ ነው፤ ሁለተኛው ያንተ ፖሊሲ። ተራ ትርጉም ሳይኖረው ሊገደድ ይችላል፤ በሽ ነው። ትርጉም ያለው ተራ ደግሞ በስኪማ ላይገደድ ይችላል። የኔ መጋዘን ይህኛው ነበር፤ አደገኛውም ይህ ነው።

የእውነት ተራ ያላቸው ነገሮች

ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ የሚሄድ አውቶቡስ መስመር ብትመዘግብ መራዊ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ እያለ ይወርዳል። እያንዳንዱ <ፌርማታ> የሚል ታግ ይኑረው። እዚህ ላይ ተራው ጌጥ አይደለም፤ መንገዱ ራሱ ነው። ዳንግላን ከቡሬ በኋላ ብታስቀምጠው ሌላ መንገድ ሆነ። ቡናም እንደዚያው ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሲኒው አንድ ነው፤ ስሙን የሚሰጠው ስንተኛ መሆኑ ነው።

ተመሳሳይ ስም ያላቸው ኤለመንቶች ሲደጋገሙ ኤክስ ኤም ኤል ራሱ ያግዝሃል። በኤክስ ኤም ኤል የመረጃ ሞዴል የአንድ ኤለመንት ልጆች፣ ማለትም በውስጡ ያሉት ኤለመንቶች፣ ተራ ያላቸው ዝርዝር ናቸው፤ አትሪቢዩቶች (በመክፈቻው ታግ ውስጥ የሚጻፉት መግለጫዎች) ግን ተራ የላቸውም። ደንበኛ ፓርሰር (ፋይሉን የሚያነብ ፕሮግራም) ልጆቹን በተጻፉበት ተራ ያቀርብልሃል። አትሪቢዩት ላይ ተራ ጠብቀህ ፕሮግራም ከጻፍክ ግን ጥፋቱ ያንተ ነው።

ሰነድም ከዚሁ ወገን ነው። መጽሐፍ፣ ደብዳቤ፣ የሕግ አንቀጽ፤ አንቀጽ ሁለት ከአንቀጽ አንድ አይቀድምም። ሰነድ የሚነድፍ ሰው «ተራ ልልቀቅ?» ብሎ ሲጨነቅ አላየሁም፤ እኔም እዚህ ላይ አልቆይም።

መሐል ላይ የምትቀመጥ አንዲት ወጥመድ ግን አለች፦ የእኛ ስም። ሦስት ጊዜ <ስም> ብለህ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ብትደረድር አገር ቤት ማንም አይሳሳትም። ፋይሉ ውጭ አገር ወደተሠራ ሶፍትዌር ሲሄድ ግን «የመጨረሻው የቤተሰብ ስም ነው» ብሎ አያትዬውን አንሥቶ ግንባር ላይ ያስቀምጠዋል። ስማችን ተራ ያለው ዝርዝር ይመስላል እንጂ ሦስት የተለያዩ ሚናዎች ነው። <የራስ>፣ <የአባት>፣ <የአያት> ብለህ ሰይመው። በኔ ልምድ «ተራ ትርጉም አለው» ተብሎ ከሚቀርብ ነገር አብዛኛው ስም ያልወጣለት ሚና ነው።

አራቱ መንገዶች

ምልክቶቹን በአጭሩ ልበል፦ ኮማ «በዚህ ተራ» ማለት ነው፣ ቀጥ ያለ ሰረዝ «ወይም»፣ የ«እና» ምልክት «ሁሉም፣ ግን በፈለግኸው ተራ»፣ የጥያቄ ምልክት «ሊቀር ይችላል»፣ ኮከብ «ስንትም ጊዜ»።

የመጀመሪያው መንገድ ተራን ማስገደድ ነው፤ በኤክስ ኤስ ዲ (በብዛት በሚሠራበት የስኪማ ቋንቋ) «ሲኩዌንስ» የሚባለው።

(ገበሬ, ቀበሌ, እህል, ሙሉ, ባዶ, እርጥበት?)

ሁሉም መሣሪያ ይረዳዋል፣ ሁሉም ቫሊዴተር (ፋይሉን ከስኪማው ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም) ይፈትሸዋል፣ ስንት ጊዜ መምጣት እንዳለበት በትክክል ይናገራል። ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ማወዳደርም ቀላል ነው፤ መስመር ከመስመር ይገጥማል። ዋጋው የስሕተት መልእክቱ ነው። እህል ከቀበሌ ቀድሞ ቢመጣ ቫሊዴተሩ «ይህ ኤለመንት አይጠበቅም» ይልሃል። ያልለመደ ሰው ይህን ሲያነብ «እህል የሚባል ኤለመንት የለም» የተባለ ይመስለዋልና ፊደል ሲፈትሽ፣ «እህል»ን «እሕል» እያደረገ ሲሞክር ይውላል። (ዳታ የሚያስገባ አንድ ልጅ ግማሽ ቀን እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። ሁለቱን መስመሮች ስቀያይርለት ያየኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም።)

ሁለተኛው «ኦል» ነው፤ ሁሉም ይኑሩ፣ ተራቸው የፈለገው ይሁን።

(ገበሬ & ቀበሌ & እህል & ሙሉ & ባዶ & እርጥበት?)

ይህ ምልክት ታሪክ አለው። የኤክስ ኤም ኤል አባት በሆነው በኤስ ጂ ኤም ኤል፣ የ1986 የአይ ኤስ ኦ ደረጃ በሆነው፣ ነበረ። በ1998 ኤክስ ኤም ኤል ሲወጣ ለማቃለል ሲባል ተጣለ፤ ስለዚህ ከኤክስ ኤም ኤል ጋር አብሮ በመጣው የስኪማ ቋንቋ፣ በዲ ቲ ዲ፣ የለም። በ2001 የወጣው ኤክስ ኤስ ዲ 1.0 መልሶ አመጣው፣ ግን እጅ እግሩን አስሮ። በኦል ውስጥ ያለ ኤለመንት ከአንድ ጊዜ በላይ አይመጣም። ኦል በሲኩዌንስ ወይም በቾይስ («ወይም» በሚለው) ውስጥ አይገባም፤ ብቻውን ላይኛው ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። ይዘት ያለውን ዓይነት (ታይፕ) በኦል አራዝመህ መውረስም አትችልም። ገበሬው ሁለት ስልክ ቢኖረው <ስልክ> ሁለት ጊዜ ማስገባት አትችልም፤ <ስልኮች> የሚል ጆንያ ሠርተህ ሁለቱን እዚያ ውስጥ ትከታቸዋለህ።

በ2012 የወጣው ኤክስ ኤስ ዲ 1.1 አብዛኛውን ማሰሪያ ፈታው፤ መደጋገምም ማራዘምም ተፈቀደ። ደስ ብሎህ ከመነሣትህ በፊት ግን ሌላው ወገን በምን እንደሚፈትሽ ጠይቅ። ሳክሰን በሚከፈልበት እትሙና የጃቫው ዜርሲስ 1.1ን ያውቃሉ። ጃቫ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ቫሊዴተር፣ የዶት ኔቱ፣ እንዲሁም የፓይተን ሰዎች በኤል ኤክስ ኤም ኤል በኩል የሚጠቀሙበት ሊብ ኤክስ ኤም ኤል 2 ግን 1.0 ላይ የቆሙ ናቸው። አንተ 1.1 ጽፈህ እነሱ 1.0 ከያዙ ስኪማህ ገና ሲጫን ነው የሚወድቀው።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ሰው የኦል ማሰሪያ ሲያስቸግረው የሚሸሽበት ነው፦

(ገበሬ | ቀበሌ | እህል | ሙሉ | ባዶ | እርጥበት)*

«ከእነዚህ የፈለግኸውን፣ የፈለግኸውን ያህል ጊዜ።» ተራው ተለቀቀ፤ አብሮት ግን ሌላም ነገር ተለቀቀ። ሦስት <ሙሉ> እና ዜሮ <ባዶ> ያለው ደረሰኝ አሁን ትክክል ነው። ገበሬ የሌለው ደረሰኝ ትክክል ነው። ባዶ ደረሰኝ ራሱ ትክክል ነው። በር ላይ ዘበኛ አቁመህ «ማንንም አስገባ» እንደማለት ነው። የጠፋውን ፍተሻ በስኬማትሮን (ተጨማሪ ሕጎችን በሚፈትሽ ሌላ የስኪማ ቋንቋ) ወይም በኮድ ልትመልሰው ትችላለህ፣ ግን ሁለት ሕግ በሁለት ቦታ መያዝ ሊኖርብህ ነው። ሌላም መዘዝ አለው፦ ከስኪማ የጃቫ ክላስ የሚያመነጨው ኤክስ ጄ ሲ እንዲህ ያለውን ሲያይ ጌት ገበሬ፣ ጌት እህል የሚል ንጹሕ ነገር አይሰጥህም፤ ሁሉን የቀላቀለ አንድ ሊስት ይሰጥሃል። አንባቢው እያንዳንዱን እያነሣ «አንተ ማን ነህ?» ሊል ነው።

«ታዲያ ሁሉንም ተራዎች ዘርዝሬ በወይም ልለያቸው» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ለሦስት ኤለመንት ስድስት ተራ ነው፣ ይቻላል። ለአምስት 120፣ ለሰባት 5040።

አራተኛው ሪላክስ ኤን ጂ ነው። በጄምስ ክላርክና በሙራታ ማኮቶ የተነደፈ፣ በኋላም የአይ ኤስ ኦ ደረጃ የሆነ የስኪማ ቋንቋ ነው። ያንን የ«እና» ምልክት ያለ እነዚያ ማሰሪያዎች ይሰጥሃል፤ መደጋገምም፣ ከሌላ ጋር መቀላቀልም ይቻላል። የአጭር አጻጻፉም ለዓይን ያርፋል። ተራ የማይፈልግ ነገር ለመግለጽ ከአራቱ የሚያምረው እሱ ነው፤ ልቤ ያለውም እዚያ ነው። እንጀራዬ ግን ያለው ኤክስ ኤስ ዲ ላይ ነው። ከመንግሥት ቢሮም ከባንክም ከሶፍትዌር ሻጭም ዳታ ስትለዋወጥ «ኤክስ ኤስ ዲውን ላክልን» ነው የሚሉህ።

ሌሎች ምን መረጡ?

አተም የሚባለው የዜና ማሰራጫ ቅርጸት፣ በ2005 በአር ኤፍ ሲ 4287 የወጣው፣ የልጆቹ ተራ ምንም ትርጉም እንደሌለው በግልጽ ጽፎ ስኪማውንም በሪላክስ ኤን ጂ አደረገ። በጃቫው ዓለም ደግሞ ዌብ ዶት ኤክስ ኤም ኤል የሚባለው የዌብ ፕሮግራም ማዋቀሪያ ፋይል እስከ ሰርቭሌት (የጃቫ የዌብ ፕሮግራም ደረጃ) 2.3 ድረስ በዲ ቲ ዲ ተራው በጥብቅ የተገደደ ነበር። ሰው በእጁ የሚጽፈው ፋይል ነው፤ አንድ ሰርቭሌት ለመጨመር የትኛው ክፍል ከየትኛው እንደሚቀድም ማስታወስ ነበረበት። በ2.4 ወደ ኤክስ ኤስ ዲ ሲዛወር ተራው ተለቀቀ፣ በዚያው በሦስተኛው መንገድ። በእጅ ለሚጻፍ ፋይል ልክ ነበሩ እላለሁ።

በጣም የምወደው ምሳሌ ግን ማቨን፣ የጃቫ ፕሮጀክቶች መገንቢያ መሣሪያው፣ ነው። የፕሮጀክቱ ዋና ዋና ክፍሎች በኦል ናቸው፤ ስሙን ከስሪቱ ብታስቀድም፣ ብታስከትል ግድ የለውም። ከውስጥ ያለው የጥገኛ ላይብረሪዎች ዝርዝር ግን በሲኩዌንስ ነው፤ የዚያም ተራ ከ2.0.9 ጀምሮ ትርጉም አለው። ሁለት የተለያዩ ስሪቶች በእኩል ርቀት ሲጋጩ ቀድሞ የተጻፈው ያሸንፋል። በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለቱም ፖሊሲ፣ እያንዳንዱ በቦታው። እንደ ቅኔው ነው፤ በቤቱ ውስጥ ያሉት ቃላት ነጻ፣ ቤቶቹ ግን በተራ።

ማን ይጽፈዋል? ማን ያነበዋል?

ግምጃ ቤቱን የሚይዙት አባት የወረቀት ደረሰኝ ሲሞሉ ተቀምጬ አይቻቸዋለሁ። ቅጹ ላይ የመጀመሪያው ሣጥን «የአርሶ አደሩ ስም» ነው። እሳቸው ግን ስም አይጽፉም፤ ዓይናቸው ሚዛኑ ላይ ነው። መርፌው ቆም ሲል ቁጥሩን ከታች ይጽፋሉ፣ ከዚያ በመለኪያው እርጥበቱን ያያሉ፣ ስም የሚጠይቁት መጨረሻ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ሰውየው የትም አይሄድም። መርፌው ግን ይሄዳል» አሉኝ።

ሰው በራሱ ተራ ነው የሚሠራው፤ ትክክለኛ ምክንያትም አለው። ስለዚህ ፋይሉን በእጁ የሚጽፈው ሰው ከሆነ፣ እንደ ኮንፊግ ፋይል ያለ፣ ተራ አታስገድደው፤ ኦል ተጠቀም። ፋይሉን የሚጽፈው ማሽን ከሆነ ግን ተራ መጠበቅ ምንም አያስከፍለውም። እሳቸው በፈለጉት ተራ ስክሪኑ ላይ ይሙሉ፣ ፕሮግራሙ ሲያስቀምጥ በስኪማው ተራ ይደርድረው። የስክሪኑ ተራና የፋይሉ ተራ አንድ መሆን አለበት ያለ ማንም የለም፤ እኔ ግን ለብዙ ጊዜ አንድ አድርጌያቸው ነበር።

«ማሽን ምንም አያስከፍለውም» ስል አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ መሣሪያ የራሱን ተራ ይዞ ይመጣል። የዶት ኔቱ ዳታ ኮንትራክት ሲሪያላይዘር (የፕሮግራሙን ዳታ ወደ ፋይል የሚጽፍና መልሶ የሚያነብ መሣሪያ) ተራ ካልነገርከው ፊልዶቹን በፊደል ተራ ይጽፋቸዋል። ሲያነብም በዚያው ተራ ይጠብቃል፤ ከተራው የወጣውን ኤለመንት «ስሕተት» ብሎ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ፊልዱ ባዶ ሆኖ ይቀራል። እርጥበቱ ፋይሉ ላይ 14 ተብሎ ተጽፎ ሳለ ፕሮግራሙ ውስጥ ዜሮ ሆኖ ታገኘዋለህ። እዚህ ላይ ስኪማው ተራውን ቢያስገድድና መግቢያው ላይ ፍተሻ ቢኖር ይሻልህ ነበር፤ የሚጮህ ስሕተት ዝም ካለው ይመረጣል። በአንጻሩ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የጃቫው ጃክስ ቢ ሲያነብ በስም ነው የሚፈልገው፤ ፍተሻ ካላበራህበት በቀር ተራው ቢዛባ ግድ የለውም።

(የፊደል ተራ ከተባለ ደግሞ የማን ፊደል? ሀለሐመ ነው ወይስ አበገደ? ዩኒኮድ ሀለሐመን ስለመረጠ ኮምፒውተሩ በዚያ ይደረድራል። ይልቅ በግዕዝ ፊደል ታግ መሰየም ራሱ ዘግይቶ የመጣ መብት ነው። የመጀመሪያው ኤክስ ኤም ኤል የስም ፊደላትን የቆጠረው ከዩኒኮድ 2.0 ነበር፤ ግዕዝ ዩኒኮድ የገባው ደግሞ በ3.0፣ በ1999። ኤክስ ኤም ኤል 1.1 በ2004 ፈቀደ፣ ዋናው 1.0 ደግሞ በ2008 በወጣው አምስተኛ እትሙ። ከዚያ በፊት የተሠራ ፓርሰር ከገጠመህ <ቀበሌ> ላይ ቢወድቅ አትደነቅ።)

አንባቢውስ? ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ተራ ወርቅ ነው። የአንድ ምርት ዘመን ደረሰኞች ሁሉ በአንድ ፋይል ገብተዋል እንበል፤ መጀመሪያ የየእህሉ የዋጋ ሰንጠረዥ፣ ከዚያ ደረሰኞቹ። በሳክስ (ፋይሉን ከላይ ወደ ታች እየተከተሉ በማንበብ ዘዴ) የሚያነብ ፕሮግራም ዋጋውን ይይዝና ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እያሰላ እየጣለ ይሄዳል፤ የሚይዘው ሚሞሪ የአንድ ደረሰኝ ያህል ነው። የዋጋ ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይም ሊመጣ ይችላል ካልክ ግን ወይ ሁሉንም ሚሞሪ ውስጥ አጭቆ መጠበቅ፣ ወይ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የፋይሉን ታላላቅ ክፍሎች፣ ራስጌና ዝርዝር፣ ሁልጊዜ በሲኩዌንስ አስር። ይህ ላይ አልደራደርም።

ዲጂታል ፊርማም ተራ ይፈልጋል። ከመፈረሙ በፊት ፋይሉን ወደ አንድ ወጥ መልክ የሚያመጣው ሥርዓት አትሪቢዩቶችን ይደረድራል እንጂ ኤለመንቶችን አይነካም። መሐል ላይ ያለ ሲስተም «ተራ ግድ የለውም» ብሎ ሁለት ኤለመንት ቢያቀያይር ትርጉሙ አልተነካም፣ ፊርማው ግን ተበላሸ።

ስኪማው ሲያድግ

ከሁለት ዓመት በኋላ «የሾፌሩ ስልክ ይጨመር» ይሉሃል። በሲኩዌንስ ውስጥ ከሆንክና ዓይነቱን በማራዘም ከጨመርክ አዲሱ ሁልጊዜ ከመጨረሻ ይገባል። ሌላ ዓመት፣ ሌላ ፊልድ፣ ከመጨረሻ። ውሎ አድሮ የእርጥበቱ ደረጃ ከእርጥበቱ አጠገብ መሆን ሲገባው ከሾፌሩ ስልክ በኋላ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። ያስቀይማል፣ ግን አይገድልም፤ አንባቢው በስም እስከፈለገ ድረስ።

«መጨረሻ ላይ ማንኛውንም ኤለመንት የሚቀበል ክፍት ቦታ ልተው» ብትል ደግሞ ኤክስ ኤስ ዲ 1.0 ላይ አንድ ሕግ ይይዝሃል። ቫሊዴተሩ እያንዳንዱን ኤለመንት ሲያይ የስኪማው የትኛው ክፍል እንደሆነ ወደፊት ሳይመለከት ማወቅ አለበት። <እርጥበት?> ካለና ወዲያው የዚያኑ የስም ክልል (ስሞቹ የሚመደቡበት ቡድን) ኤለመንት ሁሉ የሚቀበል ክፍት ቦታ ከተከተለ፣ እርጥበት ሲመጣ የማን ነው? አይታወቅም፤ ስኪማው ውድቅ ይሆናል። በ1.1 ስም የተጠራው ይቀድማል ተብሎ ተፈታ። 1.0 ላይ ላለህ ግን ቀላሉ መንገድ <ተጨማሪ> የሚል አንድ ሊቀር የሚችል ኤለመንት መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ክፍቱን ቦታ እሱ ውስጥ ማድረግ ነው።

እኔ ዛሬ የማደርገው

ከማሽን ወደ ማሽን የሚሄድ መዝገብ ከሆነ፣ እንደ ደረሰኝ፣ ደመወዝ፣ የተማሪ ውጤት፣ በሲኩዌንስ አስራለሁ። ምክንያቱ ተራው ትርጉም ስላለው አይደለም፤ ፍተሻው ሙሉ ስለሚሆን፣ ሁሉም መሣሪያ ስለሚረዳው፣ ሁለት ፋይል ማወዳደር ስለሚቀለኝ ነው። ከስኪማው ጋር በምልከው ሰነድ ላይ ደግሞ «ተራው ለፍተሻ ብቻ ነው፤ በስም አንብቡ» ብዬ እጽፋለሁ። ሰው በእጁ የሚነካው ኮንፊግ ከሆነ ኦል፤ የሚደጋገም ካለም በጆንያው ውስጥ። ሦስተኛውን መንገድ፣ ያንን በኮከብ የተለቀቀውን ቾይስ፣ የምጠቀመው ጽሑፍና ታግ የተደባለቀበት ሰነድ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ቦታው ነው፣ ሌላ ቦታ የስንፍና ምልክት ነው።

የሚደጋገም ነገር ተራው ትርጉም ካለው፣ እንደ ፌርማታው፣ ዝርዝሩን እንዳለ ትቼ ስኪማው ውስጥ ባለው የማብራሪያ ቦታ «ተራው መንገዱ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። ፋይሉ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ከሆነ ግን በዚህ አላበቃም፤ ረድፎችን ተራ ሳትጠይቅ ከጠራሃቸው ዳታቤዝ የፈለገውን ይሰጥሃል። ስለዚህ ተራ="3" የሚል አትሪቢዩት እጨምራለሁ። ድግግሞሽ ነው፣ አውቃለሁ። ዳንግላ ከቡሬ በኋላ ሲመጣ ከማየት ይሻለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልማድ አድርጌዋለሁ። ስኪማ ከማስረከቤ በፊት አንድ ጤነኛ ፋይል እወስድና ፍተሻውን አጥፍቼ ልጆቹን በዘፈቀደ የምታቀያይር አጭር ስክሪፕት አስኬድበታለሁ። ከዚያ ለአንባቢው ፕሮግራም እሰጠዋለሁ። ውጤቱ አንድ ከሆነ አንባቢው በስም እየፈለገ ነው። ከተለወጠ፣ የሆነ ቦታ አንድ ሰው ያለ «ን» ጽፏል ማለት ነው። ያንን የመጋዘን ሶፍትዌር ካስተካከልኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርኩት እዚያው ነበር፤ መቶ ጊዜ አቀያይሬ መቶ ጊዜ 65 ኩንታል ወጣ። አባ ከኋላዬ ቆመው አይተው፣ «አሁን ዕዳው ተከፈለ?» አሉኝ።